በሐምሌ የማይቆረጥ ቀርቀሃ

ሊወስዱኝ ሲመጡ ባሌ ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ የወንበር እግር ይልግ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ናቸው። "ለጥያቄ ትፈለጋለች" አሉት። እሱ ስለቱን አስቀመጠና ሁለት የቀርቀሃ በርጩማ አቀረበላቸው።

"ልብስ እስክትደርብ ቆማችሁ አትጠብቁ" አለ።

በጣም ተናደድኩበት። ሚስቱን ሊወስዱ ለመጡ ሰዎች መቀመጫ! እነሱም ደግሞ ተቀመጡ።

እንዲህ ነበር እሱ። በወጣትነቱ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ስለት ቆርጦበታል። ሌላው ቢሆን ሥራ ይለውጥ ነበር፤ እሱ ግን ሙያውን በግራ እጁ እንደ አዲስ ተማረው። እንጅባራ ውስጥ ቀርቀሃ የሚሠራ ሞልቷል፤ የማያነክስ ወንበር የሚሠራው ግን እሱ ነው ይባል ነበር። ያን ቀን የሚልገው ለእኔ ነበር። አስተማሪ ነኝና ደብተር የማርምበት ባለመደገፊያ ወንበር እየሠራልኝ ነበር።

የታሰርኩባት ክፍል ጠባብ ነበረች፤ አሥራ አንድ ሴቶች ነበርን። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እርስ በርስ እንኳ አንሰማማም። ምን እንዳጠፋሁ ብጠይቅ የሚመልስልኝ ስላጣሁ መጠየቁን ተውኩት። ባሌ በየቀኑ ስንቅ ያመጣል፤ ከሽቦው አጥር ማዶ ቆሞ "በላሽ? ሞቀሽ?" ይለኛል።

"ወንበሬስ?" እለዋለሁ።

"አንድ እግር ቀርቶታል፤ አትቸኩይ።"

እየከሳ መሄዱን አይቻለሁ። በእኔ ሐሳብ ነው ብዬ ነበር፤ ራሴን ከፍ አድርጌ ገምቼ።

አንድ ቅዳሜና እሑድ ቀረብኝ፤ ሰኞ በእሱ ፈንታ እህቱ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"ጉንፋን ይዞኝ ነው" አለች፣ ሳልጠይቃት። "እሱ ቀርቀሃ ሊቆርጥ ወደ ግምጃ ቤት ገጠር ሄዷል። ይቆያል።"

ሐምሌ ነበር። ቀርቀሃ በክረምት አይቆረጥም፤ አዲሱ ቡቃያ የሚወጣበት ጊዜ ነው፤ የተቆረጠውንም ነቀዝ ይበላዋል። ይህን እሷ ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ ቀርቀሃ ሥር ነው ያደገችው። ሐዘኑ አስረስቷታል። ታሞ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አትዋሸኝም ነበር። ያኔ መሞቱን አወቅሁ።

"በሐምሌ?" የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። መርዶ የራሱ ወግ አለው፤ አጥር ላይ ቆሜ ከአፏ ልነጥቃት አልፈለግሁም።

"ሲመለስ ወንበሬን ይጨርስልኝ በይው" አልኳት።

"እሺ እቴ" ብላ ቶሎ ዞረች።

ስንቁን በላሁ። ሴቶቹ እያዩኝ ነበር፤ ለካ እነሱም ከየጠያቂያቸው ሰምተዋል። አልወርድ ያለኝን በውሃ አወረድኩት።

በማግሥቱ ገና ሲነጋ ከሁላችን ትልቋ፣ እማማ የምንላቸው የአዊ ገበሬ፣ ቀሰቀሱኝ። ሁሉም ተነሥተው ተቀምጠዋል።

"ልጄ፣ ፊትሽን ታጠቢ።"

"አውቄያለሁ እማማ።"

"ብታውቂም ይነገርሻል። ያለ ወግ አንተውሽም።"

ነገሩኝ። ሲደብቀኝ የከረመው የጉበት ሕመም ነበር። "እሑድ ተቀበረ" አሉኝ። "የአዊ ፈረሰኛ ሁሉ ወጥቶ ሸኝቶታል። ብቻውን አልሄደም።"

በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ "ድምፅ እንዳይሰማ!" አለ። ጮኼ እንኳ አላለቀስኩለትም፤ ያ ለቅሶ ዛሬም ደረቴ ውስጥ አለ። እማማ ነጠላዬን ከትከሻዬ አንሥተው አዘቅዝቀው አለበሱኝ። ቀጥለው የራሳቸውን አዘቀዘቁ። ከዚያ ሁሉም፣ አንድ በአንድ። ነጠላ የሌላት ተማሪ ፎጣዋን እንደዚያው አደረገች።

ለቆጠራ ስንሰለፍ አሥራ አንዳችንም ሐዘንተኛ ሆነን ቆምን። ቆጣሪው ቤቴ መጥተው በርጩማው ላይ ከተቀመጡት ፖሊሶች አንዱ ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ።

"ባሌ ሞቶ ነው።"

"የቀርቀሃው ሰውዬ?"

"አዎ።"

ቁጥሩ ጠፋበት መሰለኝ፣ እንደገና ከአንድ ጀመረ። ነጠላችሁን አስተካክሉ ሳይለን ሄደ።

ከተፈታሁ ዓመታት አልፈዋል። ወንበሩን ሳይሞት ጨርሶት ኖሮ ቤት ጠበቀኝ። ደብተር የማርመው እሱ ላይ ነው። ግን ያነክሳል፤ አንደኛው እግሩ አጥሯል። የሙያ ጓደኞቹ "እናስተካክልልሽ" ባሉኝ ቁጥር እንቢ እላለሁ። በአጥሩ ማዶ "ሞቀሽ?" ሲለኝ እጁ ምን ያህል ይንቀጠቀጥ እንደነበር የነገረኝ ይህ እግር ብቻ ነው።