በምን ወፈርሽ?

ታላቅ እህቴ ወፍራም ነበረች። ከዚህ የምጀምረው የሰፈሩ ሰው ስለ እሷ ሲያወራ ሁልጊዜ ከዚሁ ስለሚጀምር ነው። እጇ የነካው ስፌት እንደማይተረተር፣ እናታችን ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ የነበርኩትን እኔን አሳድጋ ለቁም ነገር እንዳበቃችኝ፣ ለእኔ ብላ ሁለት ጊዜ የመጣላትን ባል እንደመለሰች የሚያነሳ የለም። "ያቺ ወፍራሟ" ይሏታል። በቃ።

የምንኖረው ከዊንጌት ከፍ ብሎ፣ የቁስቋም ዳገት ሳይጀምር ባለው መንደር፣ ሁለት ጠባብ ክፍል ባላት የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር። እህቴ ጉለሌ ካሉት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በአንዱ ትሠራለች። ከጠዋት እስከ ማታ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ ለምሳ ስትነሳም ካንቲኑ ያለው ያው በዘይት የተለወሰ ፓስታ ነው። እናታችን ደልዳላ ሴት ነበረች፤ የእናታችን እህቶችም እንደዚያው። ስለዚህ እህቴ ድሮም ቢሆን ቀጭን አልነበረችም።

ልጅ ሳለሁ ግን ውፍረት ነውር አልነበረም። ከገጠር የሚመጣ ዘመድ እህቴን ሲያይ "ተመስገን፣ ሰውነትሽ ሞልቷል" ይላታል፤ እሷም ደስ ይላታል። ከሲታ ነበር የሚታዘንለት። ይህ ሁሉ የተገለበጠው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። ቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ነበረች፤ ሰው እየተሰበሰበ አጥንታቸው የገጠጠ ሕፃናትን ያያል፣ ያለቅሳል፣ ከደሞዙም ለእርዳታ ይቆረጥበታል። ከዚያ ሲወጣ መንገድ ላይ የሚያየው ወፍራም ሰው ሁሉ ከእነዚያ ሕፃናት አፍ ነጥቆ የበላ ይመስለዋል።

እህቴ ከመቼውም በላይ የወፈረችው ደግሞ በዚያው ዓመት ነው።

አመጣጡ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከጨርቁ የሚነሳው ብናኝ ደረቷን ያዛት። መጀመሪያ ሳል ነበር፤ በኋላ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ይሰማ ጀመር። ቁስቋም ማርያም ለመሳም ዳገቱን ስትወጣ ሦስት አራት ጊዜ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ እዚያ ያለው ድሬሰር አስም ነው ብሎ ደቃቅ ነጭ ክኒን ሰጣትና "ይሄን እንዳታቋርጪ" አላት። ሌላ ነገር አልነገራትም። ክኒኑ ፉጨቱን አስቆመላት። ወራት ሲያልፉ ግን ፊቷ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ሆነ፣ ጀርባዋ ከአንገቷ ሥር አበጠ፣ ሆዷ ወደ ፊት ገፋ። እጅና እግሯ ብቻ እንደነበሩ ቀሩ። ከውፍረቱ ጋር ልትችለው ያልቻለችው ረሃብ መጣባት። ያ ረሃብ ከክኒኑ መሆኑን እሷም አታውቅም ነበር።

እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። በወጣቶች ማህበር ውስጥ ጎበዝ ተናጋሪ እባል ነበር። ክፍላችን ያሉ ልጆች እህቴን አዲሱ ገበያ ሲያዩዋት በማግስቱ "የእህትሽን ቀሚስ ለድንኳን አታከራዩንም?" ይሉኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ። ቤት ስገባ ግን ለሷ መልስ መስጠት ያስጠላኛል። በመንገድ አብረን እንዳንታይ ሰበብ እፈጥር ጀመር። እሷ ገብቷት ይሁን ሳይገባት አላውቅም፤ "ቅደሚ አንቺ፣ እኔ ቀስ ብዬ እመጣለሁ" ትለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ከወትሮው ቀደም ብዬ ነቃሁ። ክፍሉን የሚከፍለውን መጋረጃ ገለጥ ሳደርግ እህቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ደረቅ ዳቦ ትበላለች። ድምፅ እንዳይሰማ ቁራሹን አፏ ውስጥ አርሳ ነው የምትውጠው። አላየችኝም። ተመልሼ ተኛሁና በንዴት ተቃጠልኩ። ማታ ማታ አንድ ላይ ለራት ስንቀርብ ሁለት ሦስት ጉርሻ ወስዳ "ጠግቤያለሁ፣ ጨርሺው" ትለኝ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ማስመሰል ነበር ወይ? ብዬ አሰብኩ። ራቷን ለእኔ ትታ ሌሊቱን በረሃብ ስትገላበጥ ያደረች ሰው ጠዋት ምን ልትሆን እንደምትችል አላሰብኩም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ይህን የምለው ግን ለማመካኛ አይደለም።

በዚያ ክረምት ለቀበሌው ችግረኞች ከመጣው የእርዳታ ስንዴ ጎደለ። የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዙት የቀበሌው ሊቀመንበርና አንድ የእሱ ሰው ነበሩ። እህቴ በሴቶች ማህበር ተመርጣ በእደላው ቀን በጣሳ የምትሰፍር እንጂ ቁልፉን በእጇ ነክታ አታውቅም። ነገር ግን ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ፤ ለማጉረምረሙም የሚታይ መልስ ያስፈልግ ነበር። ከእህቴ የበለጠ የሚታይ ሰው አልነበረም።

ከእሑዱ ስብሰባ የቀረ ሰው የቀበሌ ሱቅ ራሽን ስለማያገኝ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱት ነጠላቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። እህቴ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ከኋላ ተቀመጠች። እኔ ከወጣቶቹ ጋር ፊት ነበርኩ። ሊቀመንበሩ በካኪ ልብሱ ብድግ አለ። ቦርጩ ቀበቶውን ሸፍኖት ነበር። ይህን ያኔም አይቼዋለሁ፤ ሁላችንም አይተነዋል።

"ዛሬ ሂስና ግለ ሂስ ነው" አለ። "ጓዲት፣ ተነሺ። ሕዝቡ አንድ ጥያቄ አለው። አገር በረሃብ በሚያልቅበት ሰዓት አንቺ በምን ወፈርሽ?"

እህቴ ተነሳች። ሰው ሁሉ ዞረ።

"ታምሜ ነው" አለች።

ሳቅ ሆነ። የሴቶች ማህበሩ ተወካይ ጎረቤታችን ነበረች፤ ቀሚሶቿን ሁሉ ያለ ክፍያ የምትሰፋላት እህቴ ናት። ተወካይዋም እየሳቀች ተነሳች። "በሽታ ያከሳል እንጂ ያወፍራል እንዴ?" አለች።

"አስም አለብኝ። ክኒን እወስዳለሁ። ከሱ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት።"

"ክኒን ጠግበሽ ነዋ የምታድሪው" አለ ሊቀመንበሩ። "ጓዲት፣ ማንም በግድ አላጎረሰሽም። እያንዳንዱ ሰው ለገዛ አፉ ኃላፊ ነው። ግለ ሂስሽን አድርጊ።"

"የማደርገው የለኝም። እንደ ማንኛችሁም ነው የምበላው።"

እዚህ ላይ ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። ድምፁን ለስለስ አድርጎ "አንቺ የኛ ልጅ ነሽ፣ እውነት ትናገሪያለሽ" አለኝ። "እህትሽ ቤት ውስጥ እንደ ማንኛችንም ነው የምትበላው?"

ተነሳሁ። ጉልበቴ አልተንቀጠቀጠም፤ ተንቀጥቅጦ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። የክፍል ጓደኞቼ እያዩኝ ነው። "ጠዋት ጠዋት እኔ ሳልነሳ ተደብቃ ዳቦ ትበላለች" አልኩ።

አዳራሹ ተንጫጫ። ስለ ስንዴው አንድም ቃል አልተነሳም፤ መነሳትም አላስፈለገውም። እህቴ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየች። "አዎ፣ እበላለሁ" አለችና ተቀመጠች።

ከእደላው ኮሚቴ ተሰረዘች። የዘይትና የስኳር ራሽናችን ለጊዜው ታገደ። ይህ ሳያንስ ጠዋት ጠዋት ከወጣቶቹ ጋር ሜዳ ወጥታ ስፖርት እንድትሠራ ተወሰነባት። ያን ቀን ከስብሰባው ተመልሰን ቤት ስንገባ ምሳዬን አቅርባ "ብይ" አለችኝና ልብስ ልታጥብ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ በፊቴ እህል አፏ አድርሳ አታውቅም።

ሜዳ ላይ ያሳለፈችውን ማውራት አልወድም። ሁለት ዙር ሮጣ ሦስተኛው ላይ በአራት እግሯ ተደፍታ አየር ስትለምን አይቻታለሁ። አሠልጣኙ "ስብ ነው፣ ይለቃል" ይል ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ፊቷ መጉደል ጀመረ። እብጠቱ እየሟሸሸ የድሮ ጉንጯ ብቅ አለ። ምን እንዳደረገች አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ሰፈሩ ግን ደስ አለው። ሊያናግሯት ያፍሩ የነበሩ ሁሉ "አሁን ሰው መሰልሽ" ይሏት ጀመር። ተወካይዋ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነስታ "ሂስ ሰውን ይለውጣል ስንል የነበረው ይኸው" ብላ አስጨበጨበች። እህቴ እዚያው ተቀምጣ ነበር፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ በተቀመጠችበት ላብ ያጠምቃታል። እኔም አጨበጨብኩ። ከስታለች ብዬ እንጂ እየሞተች ነው ብዬ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከአዲሱ ገበያ ሽንኩርት ይዛ ስትመለስ መንገድ ላይ ወደቀች። ሰዎች መጥተው ጠሩኝ። ስደርስ ሽንኩርቱ ተበትኗል፣ እሷ ዓይኗ ተገልብጧል፤ ትንፋሿ ይገባል እንጂ አይወጣም። አንድ ባለታክሲ ተሳፋሪዎቹን አስወርዶ ሆስፒታል አደረሰን።

ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት አለው። ኪሷ ውስጥ ያገኘውን የክኒን ወረቀት ይዞ ወጣና "ይሄን መድኃኒት መቼ ነው ያቆመችው?" አለኝ።

"አላውቅም። ወር ይሆናል መሰለኝ።"

"ይሄ መድኃኒት ፊት ያሳብጣል፣ ሰውነት ያወፍራል፣ የማይጠግብ ረሃብ ያመጣል። ግን በአንዴ ከተቆረጠ ይገድላል። አልነገሯችሁም?"

"አልነገሩንም።"

"ታዲያ ማን ነው ያስቆማት?"

አፌ ሌላ ነገር ማለት ይችል ነበር። "ራሷ ናት" አልኩት።

ተረፈች። ለብዙ ሳምንታት ተኝታ ክኒኑን እንደ አዲስ ጀምራ ወጣች። በጥቂት ወራት ፊቷ እንደገና ከበበ። ሰፈሩም "መለሰችው፣ አፏን መግታት አቃታት" አለ። ሐኪሙ የነገረኝን ለአንዳንዶቹ ለማስረዳት ሞክሬያለሁ፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ዞር ሲሉ ይስቃሉ። የስንዴው ጉዳይ እንደተዳፈነ ቀረ። ሊቀመንበሩ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ወደ ከፍተኛው አስተዳደር ተዛወረ፤ በተዛወረበትም ቦታ ቦርጩ በምን እንደመጣ የጠየቀው ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም።

እውነቱን ለመናገር እህቴ ትበላ ነበር። ስኳር ሲገኝ ሻይዋን አጣፍጣ ትጠጣለች፤ ዳቦ ትወዳለች፤ ሲከፋት ደግሞ አብዝታ ትበላለች። ይህን ክጄ ንጹሕ ጻድቅ ላደርጋት አልፈልግም። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ያስቀመጣትን መኪና፣ ደረቷን የሞላውን ብናኝ፣ ከእናቷ የወረሰችውን ሰውነት፣ ያንን ክኒን ማንም ስብሰባ ላይ አስነስቶ ግለ ሂስ አድርግ አላለውም። መልስ ስጪ የተባለች እሷ ብቻ ነበረች።

መምህራን ማሠልጠኛ ልገባ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ይቅርታ ልጠይቃት ሞከርኩ። እሷ ለመንገድ የምለብሰውን ቀሚስ እየዘመዘመች ነበር።

"እትዬ፣ ያን ጊዜ ስብሰባው ላይ..." አልኩ።

"ውሸት አልተናገርሽም" አለችኝ ቀና ሳትል። "ስበላ አይተሽ ነው በላች ያልሽው።"

"ይቅር ብለሽኛል?"

ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው። "ልበሺው እስቲ፣ ርዝመቱን ልየው" አለች።

ለብሼው ቆምኩ። ዞር በዪ አለችኝ፣ ዞርኩ።

የሞተችው ደርግ ሊወድቅ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በክረምት ነው። ክኒኑ ከየፋርማሲው ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ስትፈልግ ሰነበተች፤ ከዚያ አንድ ቀን ደረቷ ጨርሶ ተዘጋ። እኔ ከማስተምርበት አውራጃ የደረስኩት ከተቀበረች በኋላ ነው።

ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ ከበውኝ ተቀምጠዋል። ያቺ የማህበሩ ተወካይ የነበረችው ጎረቤታችን አጠገቤ ናት፤ እሷም አርጅታለች። እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ከጎኗ ላለችው ሴት "ምን ይደረግ፣ ውፍረቱ ነው የገደላት። ራሷን አትጠብቅም ነበር እኮ" አለቻት።

"እሱ አይደለም የገደላት" አልኩ። ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። "ያኔ ክኒኑን ያስጣላት የእናንተ ስብሰባና የኔ ምስክርነት ነው። ከዚያ በኋላ ደረቷ ጤና አላገኘም። ክኒኑ ያወፍራል ብላችኋለች፤ ሳቃችሁባት። እርስዎም ስቀዋል።"

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። እጄን በሁለት እጆቿ ይዛ በሐዘኔታ አየችኝ።

"ያኔ ዘመኑ ነበር፣ ልጄ" አለችኝ። "እኛ ምን እናድርግ?"

እጄን አልነጠቅኋትም። ትንሽ ቆይቶ ንፍሮ በሰፌድ መጣ፤ ሴቶቹም ተራ በተራ ዘገኑ።