ከዴልሂ ባንኮክ የአራት ሰዓት በረራ ነው

«ልጄ፣ ልክ ነበርሽ! አራት ሰዓት ብቻ ነው የፈጀብኝ!» አሉ ልብስ ነጋዴው ሐጂ፣ ዛሬ ቢሯችን በር ላይ ቆመው።

ትኬት ስቆርጥላቸው ከዴልሂ ባንኮክ ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ በረራው አራት ሰዓት ነው ብያቸው ነበር። አለቃዬ ትኬቱ ላይ ያለውን የመነሻ ሰዓት ከመድረሻው ሰዓት ቀንሶ «አምስት ተኩል ነው! ዲግሪ ይዘሽ መቀነስ አቃተሽ?» አለኝና ከትኬት ክፍል አነሣኝ። የባንኮክ ሰዓት ከዴልሂ በአንድ ሰዓት ተኩል እንደሚቀድም ብናገር ማን ሰምቶኝ!

ሐጂ ግን የእጅ ሰዓታቸውን በአርባ ምንጭ አቆጣጠር እንደሞሉት ነው የሄዱት። (እዚያ ሰው ሰዓት ሲጠይቃቸው ምን እንዳሉ እንጃ።)

አለቃዬ «በይ ወደ ወንበርሽ» አለኝ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ በሐጂ ፊት የሰደቡኝን በሐጂ ፊት ያንሡልኝ።»

«አጥፍቻለሁ» አለ። ተቀመጥኩ።

ልክ ሆናችሁ ከወንበራችሁ የተነሣችሁ ካላችሁ፣ እስቲ እንዴት እንደተመለሳችሁ ንገሩኝ።