አማቼ ያፈጠነው ኮምፒውተር

መተማ ያለችው ታላቅ እህቴ ታማ አልጋ ላይ ስለዋለች የልጄን ሰርግ አላየችም። ፊልሙን በስልኳ እንድታየው ሚሞሪ ካርድ ላይ አስገልብጬ፣ ከድንበሩ ማዶ ከምንኖርባት ከዶካ በሚነሳው ሎሪ ልልክላት ነበር። የልጄ ባል ግን የቤታችንን ኮምፒውተር «ቀርፋፋ ነው» ብሎ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ከልኩ በላይ ጨምሮታል። ፊልሙን ለስልክ እንዲሆን ማሳነስ ሲጀምር፣ ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ሳይወጡ ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል።

«ሙቀቱ ነው» አለና ለውሃ ጀሪካን እንደምናደርገው እርጥብ ጆንያ ከማራገቢያው ፊት ሰቀለ። ቤቱ ቀዘቀዘ፤ ኮምፒውተሩም ስነካው እንደ በፊቱ አይፋጅም። ቢሆንም እዚያው ቦታ ላይ ጠፋ።

«እንግዲህ ሙቀት አይደለም፤ ፍጥነቱን ወደ ነበረበት መልሰው» አልኩት።

«አባባ፣ ትንሽ ቮልቴጅ ብጨምርለት ይረጋል።»

ጨመረለት። አሁንም ጠፋ። ደሜ ፈላ።

«መልሰው አልኩህ! ብዙ ባልማርም ዓይን አለኝ።»

እያጉረመረመ መለሰው። ፊልሙም እየተንፏቀቀ እስከ ጭፈራው አለቀ። ካርዱን ይዤ ስወጣ ሎሪው አቧራውን ትቶልኝ ሄዷል።

«ፍጥነት ወዳዱ አንተ ነህ፤ በል ሮጠህ ድረስበት!» አልኩት።

«ኸላስ፣ በቃ አባባ፣ ነገም ሎሪ አለ።»

«ይህንን አንተው ንገራት» ብዬ የእህቴን ቁጥር ደውዬ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።