አፖሌና በር የከፈተችበት ቀን

ድራሆሚራ በቼክ አገር፣ በብርኖ ከተማ፣ የቼክኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሆና ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። «ድራት» የሚለው ግስ የደረሳት ሰሞን ሦስት ሳምንት አቀርቅራ ከረመች። ምንጩን ስትፈልግ፣ የጥንት ስላቮች ቆዳ ሲገፍፉ ይሉት የነበረ ቃል ሆኖ አገኘችው። ፍቺዎቹን ለየች፦ መቅደድ፣ ልብስን ለብሶ መጨረስ፣ በሰው መሐል እየተጋፉ ማለፍ። እርባታውንም ደረደረች፦ ዴሩ፣ ዴሬሽ፣ ዴሬ። በመጨረሻ «የዝይ ላባን ከዘንጉ መግፈፍ» ብላ ጻፈችና «ጊዜው ያለፈበት» የሚል ምልክት አደረገችበት። የተማረ ሰው ስህተት ክፋቱ ታትሞ መውጣቱ ነው።

መጽሐፉን ይዛ በኩራት ወደ ትውልድ መንደሯ ሄደች። እናቷ አፖሌና በረዶ በጣለ ቁጥር እንደምታደርገው ጎረቤቶቿን ሰብስባ ላባ ትገፍፋለች። የዚያ ዓመቱ ለድራሆሚራ ብርድ ልብስ መሙያ የታሰበ ነበር። ላባው እንዳይበን፣ ላባ ባለበት ጠረጴዛ ሳቅም ማነጠስም ነውር ነው፤ በር እንኳ በቀስታ ነው የሚከፈተው። አፖሌና መነጽሯን አድርጋ የራሷን ግስ ፈለገች።

«ጊዜው ያለፈበት ማለት ምን ማለት ነው?»

«ምልክት ነው እማዬ። ዛሬ ሰው አይሠራውም ለማለት ነው።»

«እኔስ? ሰው አይደለሁም?»

ጎረቤቷ ፊሎሜና አላስቻላትም። «አፖሌና፣ ልጅሽ በቁምሽ ቀበረችሽ በይኛ!»

ሴቶቹ ነውሩን ረስተው ሳቁ። አፖሌና ግን አልሳቀችም። ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ነፋሱ የስድስት ሳምንት ልፋታቸውን ጠራርጎ ግቢው ውስጥ በተነው።

«ካለፈበት ይለፍ» አለች።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ላባ የሚባል ቤቷ አልገባም። ድራሆሚራ ይቅርታ ልትጠይቅ በመጣች ቁጥር እናቷ ስለ አየሩ ታወራላታለች። እንዲህ ያለው ሽሽት ከስድብ ይብሳል።

በሦስተኛው ዓመት አፖሌናን ስትሮክ መታትና ግማሽ አካሏ ሽባ ሆነ። ድራሆሚራ ከፊሎሜና አንድ ጆንያ ላባ ለምና የእናቷ አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። ጣቶቿ አልለመዱትም፤ ለስላሳውን ከነዘንጉ ትቆራርጠዋለች።

«እንዲያ አይደለም» አለች እናቷ፣ እየተኮላተፈች። በደህናው እጇ አንድ ላባ አንስታ በሽባው ልትይዘው ሞከረች። ላባው ወደቀ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ወደቀ።

ድራሆሚራ እንባዋ መጣ። ለሚቀጥለው እትም ያዘጋጀችውን የቃሉን ካርድ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየቻት። «ይኸው እማዬ፣ ምልክቱን ሰርዤዋለሁ።»

አፖሌና ካርዱን አየችው፤ ጣቶቿንም አየቻቸው።

«ምልክቱን መልሺው ልጄ» አለች። «አሁን ነው ልክ የሆነው።»