አጎቴ ወፍጮ ቤት የከፈቱበት ምክንያት

በደርግ ጊዜ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ መንደር አስተማሪ ነበርሁ። ወላጆቼ በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም የእናቴ ወንድም ናቸው። የመንደሯ ብቸኛ ወፍጮ ቤት የእሳቸው ነበር።

እሑድ ጠዋት፣ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ ለውይይት እንሰበሰብ ነበር። ከወረዳ የሚመጣውን ጽሑፍ የማነብበው እኔ ነበርሁ። አንድ እሑድ የመጣው ጽሑፍ ስለ ነጋዴ ነበር፤ ነጋዴ ለምን እንደሚኖር ይጠይቅና መልሱንም ራሱ ይሰጣል፦ ሠርቶ አዳሪውን ለመበዝበዝ። አንብቤ ስጨርስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ “በምሳሌ አስረዳ” አለኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከክፍል ተጠርቶ እንደወጣ አልተመለሰም።

“ለምሳሌ ወፍጮ ቤት” አልሁ።

አጎቴ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ወደዚያ ማየት አልቻልሁም። ድምፃቸውን ግን ሰማሁት።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ቢፈቀድልኝ። ወፍጮውን የከፈትሁት ትርፍ ፈልጌ ነው፤ አልዋሽም። ቤቴን ቆርቆሮ ላለብስ አስቤ ነበር። ግን እናቴ ዕድሜ ልኳን ዳጉሳ ስትፈጭ ኖራ፣ ጉልበቷ አልዘረጋ ብሎ ነው የሞተችው። የዚህ አገር ሴት ከዚያ ብትገላገል ብዬም ነበር። ሁለቱን ባንድ ላይ መፈለግ ጥፋት እንደሆነ አስተማሪው ይንገረኝ።”

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

“ጽሑፉ ስለዚያ የሚለው የለም” አልሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ወፍጮ ቤቱ ለገበሬ ማኅበሩ ተወረሰ። ጠመንጃ እንጂ ሞተር ይዞ የማያውቅ አንድ ጥበቃ ተመደበበት። አንድ ቀን እኔና አጎቴ ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ነጠላቸውን እንኳ ሳይደርቡ ተነሥተው ሄዱ፤ ተከተልኋቸው።

“ልጄ፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ ውሃ አልቋል። ቶሎ አጥፋው” አሉት።

“ማን ላከዎት? ተወረሰብኝ ብለው ሊያበላሹት ነው?” ብሎ ገፍትሮ አስወጣቸው። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ በጭስ ተሞላና ሞተሩ ተጣብቆ ቀረ። በማግስቱ ሻጥር ሠርተዋል ተብለው አጎቴ ወደ ፍኖተ ሰላም ተወሰዱ።

ለመለዋወጫ ደብዳቤ ተጻፈ፤ መልስ አልመጣም። ሴቶቹ ወደ ድንጋይ ወፍጯቸው ተመለሱ።

እኔ ሦስተኛ ክፍል አስተምር ነበር። በመጀመሪያ ሁለት ልጃገረዶች ቀሩ፤ ጥር ሲገባ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበራቸው ባዶውን ነበር። ከሁሉም በሒሳብ የምትበልጠውን ፍለጋ ቤቷ ድረስ ሄድሁ። ተንበርክካ ዳጉሳ ትፈጫለች። መዳፏ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ እንደገና ቋጥሯል።

እናቷ ከመደቡ ለመነሣት እየሞከሩ፣ “አይቀየሙን፣ አስተማሪ” አሉኝ። “የእኔ ወገብ እምቢ አለ። ወፍጮው ሳለ እህሉን ባህያ አድርሼ እመለስ ነበር፤ እሷም ትማር ነበር። አሁን ትናንሾቹ ምን ይብሉ?”

ልጅቱ ቀና ብላ አላየችኝም። ወፍጮ ቤቱ ለእኔ ክፍል ምን ያደርግ እንደነበር እስከዚያች ቀን አስቤው አላውቅም። ለሊቀመንበሩ ሄጄ ልጃገረዶቹ መቅረታቸውን ስነግረው፣ “ቀስቅሳቸው እንጂ! የአንተ ሥራ ምንድን ነው?” አለኝ።

አጎቴ ከፋሲካ በኋላ ተፈቱ። ከስተዋል፤ ሲያስሉም ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። ብቻችንን ስንሆን፣ “ጋሼ፣ ያን እሑድ…” ብዬ ጀመርሁ።

“ፈርተህ ነው” አሉኝ። “እኔም ብሆን እፈራ ነበር። ግን ልጄ፣ ‘ለምሳሌ’ ስትል ሌላ ነገር አልመጣልህም?”



ያሰሯቸው ሰዎች መጥተው ሞተሩን እንዲጠግኑላቸው ለመኗቸው። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ ሄዱ። ጎንበስ ብለው አዩት፤ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ዳበሱት። “ተሰንጥቋል። ከእንግዲህ ብረት ነው” ብለው እጃቸውን በገለባ ጠርገው ወጡ። በኋላ ቤቱ የማዳበሪያ መጋዘን ሆነ።

ያቺ ልጅ ትምህርት ሳይከፈት ወደ ቋሪት ተዳረች። አጎቴም ክረምቱን አልዘለቁትም። በቀብራቸው ዕለት ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር፤ ቢሆንም ከየገጠሩ ብዙ ሴቶች መጡ፤ አብዛኞቹን አላውቃቸውም። አንዷ አጠገቤ ቆማ ስታለቅስ ቆየችና ምናቸው እንደሆንሁ ጠየቀችኝ። የእህታቸው ልጅ ነኝ አልኋት። አስተማሪ መሆኔን አልነገርኋትም።