ስድስተኛዋ መብራት

ቬሊችካ ሰው ናት እንጂ መልአክ አይደለችም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። በዳኑብ ዳር ባለው ወረቀት ፋብሪካችን ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ ግን ስሟን በክፉ ያነሳ የለም።

ሥራዋ ለቫልቮች ትእዛዝ የሚልኩትን የኤሌክትሮኒክ ካርዶች መጠበቅ ነው። ካርዱ በሽቦ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ቫልቩም በዚያው ልክ ይከፈታል። ሽቦው ከተበጠሰ ካርዱ ራሱ ያውቀዋል፤ የዚያ ቫልቭ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይለወጣል፣ ደወል ይጮኻል፣ ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጠን ቦይለር ይቆማል። ቬሊችካ ደግሞ ብልሽቱን ከነቀኑ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች።

አምና ሚያዝያ ላይ ስድስተኛዋ መብራት ቀላች። ወደ ቦይለሩ የውሃ ቫልቭ የሚሄደው ሽቦ መሬት ውስጥ ተበልቶ ተበጥሷል። ኃላፊው ጌንቾ እያለከለከ መጣ።

"ቬሊችካ፣ የኔ እህት፣ ዛሬ ከቆምን አለቀልን። እስኪጠገን አንዲት ሬዚስተር ጣል አድርጊበት።"

"እሱማ ካርዱን ማታለል ነው።"

"ለሁለት ሳምንት እኮ ነው! ማን ይሞታል?"

ጣል አደረገችበት። ያቺ የሩዝ ፍሬ የምታህል ዕቃ በቫልቩ ፈንታ ኤሌክትሪኩን ስትቀበል ካርዱ ሁሉ ሰላም መሰለው፤ መብራቷም አረንጓዴ ሆነች። ቫልቩን ታች ሆኖ በእጁ የሚያዞረው የገዛ ባሏ ዴልቾ ነበር። እሷ ትደውላለች፣ እሱ ያዞራል። ሁለት ሳምንት! እንዲህ ያለ ሁለት ሳምንት እኔም አውቃለሁ፤ አሥራ አንድ ወር ሆነ። በየቀኑ "ደህና ነው" ብላ ትፈርማለች። ልትናገር ትነሳና ምን ብላ ትናገር? ስዋሽ ከርሜያለሁ ብላ? አንድ ፊርማ በጨመረች ቁጥር መውጫው ይጠባታል።

መጋቢት ላይ ሶፊያ ያለው ዋናው ቢሮ ሠራተኛ ሊቀንስ መዝገቡን አገላበጠ። ስድስተኛው ቫልቭ አንድም ቀን አልታመመም፤ ታዲያ እሱ ሥር የሚውል ሰው ምን ያደርጋል? ዴልቾ ተሰናበተ።

ማታ እራቱን፣ የአይብ ባኒጻውን፣ ሳይነካ ደብዳቤውን ፊቷ ዘረጋው። "አንብቢው። ያያያዙት ያንቺን ፊርማ ነው።"

"ዴልቾዬ፣ እኔ እኮ…"

"አታልቅሺ። የኔ ሥራ ገደል ይግባ፤ ነገ ማን ያዞረዋል? ውሃ ካጣ እኮ ቦይለሩ ይፈነዳል፣ ሦስት ሰው ነው ፊቱ የሚቆመው።"

"ጌንቾስ?"

"እሱማ 'ሬዚስተሩን ያስገባችው ሚስትህ ናት፣ እኔ ምን አውቄ' አለኝ።"

ብትናገር ሥራዋም ጡረታዋም ይሄዳል፣ ምናልባት እስር ቤትም አለ፤ ዝም ብትል ሰው ይቃጠላል። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነች ምስኪን።

ጠዋት ቦይለሩ ሳይሞቅ ካርዶቹ ያሉበትን ሳጥን ከፍታ ሬዚስተሯን ነቀለቻት። መብራቷ ቀላች፤ ደወሉ ፋብሪካውን አናወጠው። ጌንቾ ሲሮጥ ደረሰ፤ ያየውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ይሁን፣ ይሁን። ዛሬ ተበጠሰ ብለሽ ጻፊ። ማንም አያውቅም፣ ሁለታችንም እንተርፋለን።"

እውነቱን ነው፤ መውጫው እዚያው ነበር፣ አንዲት ቀን መጻፍ ብቻ። ቬሊችካ እስክሪብቶውን አንስታ መዝገቡን ከፈተች።

"እንግዲያ ዴልቾ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ምን ሲያዞር ነበር?" አለችው።

ያምናውን ሚያዝያ ከነቀኑ ጻፈችና ሥሩ ፈረመች።