ከበረባሶዬ የተቆረጠው ጎሚኒ

በ1971 ዓ.ም. የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ጉርድ ሾላ ጋራዥ ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። ልጄ የአሮጌ ጂፑን የኋላ ሾክ አብዞርበር ሊያስቀይር ሲሄድ ይዞኝ ሄደ። እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አያለሁ፤ መካኒኩ መኪናዋን በክሪክ እንዳንጠለጠላት ብሎኑን እስከ መጨረሻው ሊያጠብቅ ሲል "አውርደህ አጥብቅ!" ብዬ ጮህኩ። ልጄ አፈረ። መካኒኩ ግን ሳቀና "ፋዘር፣ ማን አስተማረዎት?" አለኝ። "አንዲት ሴትና አንድ በረባሶ" አልኩት፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከየት እንደመጣ እንጃ አፍንጫዬን ሞልቶት ነበር።

ያኔ ቤታችን ከየካ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። መንገዱ መንገድ አይባልም፤ ክረምት ያጠበው ድንጋይ ነው፣ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ፣ ዝናብ ሲያባራ አየሩ ሁሉ መድኃኒት መድኃኒት የሚሸት። እዚያ ድረስ የሚወጣ መኪና ጂፕ ብቻ ነው፤ እኔም የአንድ እህል ነጋዴን ጂፕ እነዳ ነበር። በዚያ ክረምት እናቴ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ይዛ ስትመለስ ጭቃው አዳለጣትና ዳሌዋ ተሰበረ። ስኳሩን ግን አልደፋችም፤ ይህንን ሊጠይቃት ለመጣ ሰው ሁሉ ሳትናገር አታልፍም ነበር። ሦስት ወር ሆስፒታል ተኛች። በመጨረሻ ሐኪሙ ጠራኝና "ነገ ጠዋት ውሰዳት፤ ግን አጥንቷ ገና አልጠናም። መኪናው ካንገጫገጫት መራመዷን እርሳው" አለኝ።

የነጋዴው ጂፕ ደግሞ የኋላ ሾክ አብዞርበሮቿ ዘይታቸውን አፍስሰው ጨርሰው ነበር። አንድ ድንጋይ ከነካች ሦስቴ ትዘላለች፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ከጣራው ሸራ ጋር ሲሳሳም ነው የሚደርሰው። ነጋዴው ጂፗን ያለ ነገር ፈቀደልኝ፤ መለዋወጫ ግን እሱም የለው፣ ሱቅም የለ። በዚያን ጊዜ መለዋወጫ ቤት ስትገባ የምታገኘው አቧራና ሻጩን ነበር።

እንደዚያች ያለች ሌላ ጂፕ በሰፈራችን የነበረችው እትዬ ዘይነባ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው። ባለቤታቸው ጋሽ ሙዘይን ሾፌር ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ ጂፗ አራት ድንጋይ ላይ ቆማ ቀረች። እትዬ ዘይነባ ሐሙስ ሐሙስ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሏታል፤ ኮፈኗ ላይ የወጣች ዶሮ ያ ቀን መከራዋ ነው። ዕቃ ፈትቶ ሊገዛ ለሚመጣ መካኒክ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ "የሙዘይንን እግር ቆርጬ ልሽጥልህ?"

ስለዚህ ከምሳ በኋላ ግቢያቸው ገብቼ ቆምኩ እንጂ አፌ አልከፈት አለኝ። ሰው መለመን አልወድም፤ ዛሬም አልወድም። እሳቸው ምስር እየለቀሙ ቀና እንኳ ሳይሉ "እናትህ ነገ ትወጣለች አሉ" አሉኝ።

"አዎ እትዬ።"

"በዚያች ዘላይ ልታመጣት?"

 ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት። "የኋላዎቹን ፍታ። የፊቶቹን ከነካህ ግን ወዮልህ!"

ብሎኖቹ ዝገው አንላቀቅም ሲሉ ለመብራት ያስቀመጧትን የቀበሌ ላምባ አምጥተው አፈሰሱባቸው። ሾክ አብዞርበሮቹ ሲወጡ አንዱን መሬት ላይ አቁመው ደጋግመው ጫኑት፣ ሳቡት፤ ከብዶ ቀስ ብሎ ሲወርድ "አልሞተም" አሉ። ስለ ብረቱ ይሁን ስለ ሰውየው አልጠየቅኩም።

የነጋዴውን ጂፕ በክሪክ አንስቼ ማሰር ጀመርኩ። በሾክ አብዞርበሩ ጫፍና ጫፍ ጎሚኒ የሚባል የላስቲክ ቀለበት አለ። መኪናዋ ተንጠልጥላ ሳለ ካጠበቅከው፣ ስትወርድ ክብደቷ ይጠመዝዘውና ይቀደዳል። እትዬ ዘይነባ ሃያ ዓመት ለባላቸው መፍቻ ሲያቀብሉ የኖሩ ሴት ናቸውና "አውርደህ አጥብቅ" አሉኝ። እኔ ግን መንጃ ፈቃዴ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ጎረምሳ፣ "እትዬ፣ ሾፌሩ እኮ እኔ ነኝ" አልኳቸው። "እሱማ ነህ" አሉና እጃቸውን አጣጥፈው አዩኝ። እስከ መጨረሻው አጠበቅኩት። አወረድኳት፤ እስከ መገናኛ ነድቼ ስመለስ ከኋላ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተከተለኝ። ጎብጬ ሳይ የታችኞቹ ጎሚኒዎች ሁለቱም ተበጣጥሰዋል። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው፤ ሰዓት እላፊም አለ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሳላፍር ልናገር፣ አለቀስኩ።

እሳቸው "ነግሬህ ነበር" አላሉኝም። እግሬን ነበር የሚያዩት።

"አውልቅ።"

"ምኑን?"

"በረባሶህን ነዋ! እሱስ ጎማ አይደል?"

አዲስ በረባሶ ነበር፣ ገና ሁለት ሳምንቱ። በጋሽ ሙዘይን ቢላ ሶሉን ቆራረጡት፣ ብረት አግለው መሐሉን በሱት። ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለው እሳቸው ሲስሉ እኔ ስስቅ፣ እኔ ስስል እሳቸው ሲስቁ፣ ሁለት ቀለበት ወጣ። ይህን ጊዜ መኪናዋን መጀመሪያ አወረድኳት፣ ከሥሯ ተኝቼ "ላጥብቅ?" ብዬ ጠየቅኩ። "አሁን አጥብቅ" አሉኝ።

ዛሬ ያ ግቢ የለም። እትዬ ዘይነባም ጂፗም የሉም፤ የቆመችበት ቦታ ላይ መስታወት የለበሰ ፎቅ ተሠርቷል፣ ዳገቱም አስፋልት ሆኖ ታክሲ ሽው ይልበታል። መንገዱ ለስልሷል፤ አላማርርም። ለሰው ብላ የባሏን መኪና የምትፈታ ጎረቤት ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ እኔም ራሴ ለማንም እንደዚያ አላደረግኩም። እሳቸውን በደንብ አላመሰገንኳቸውም። ያኔ ምስጋና አፌ ላይ አይመጣም ነበርና ይኸው አሁን እጽፈዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት በባዶ እግሬ ነዳሁ። ፔዳሉ እንደ ውርጭ ይቀዘቅዝ ነበር። እናቴን ከኋላ ፍራሽ ላይ አስተኛናት፤ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ መኪና ላይ ወጥተው የማያውቁት እትዬ ዘይነባ አጠገቧ ተቀምጠው ወገቧን ደገፉ። ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ እየረገጥኩ ወጣሁ፤ ጆሮዬ ከኋላ ነው፣ ማቃሰቷን እጠብቃለሁ። ምንም የለም። ደጃችን ስደርስ ደንግጬ ዞርኩ። እትዬ ዘይነባ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል፤ እናቴ እንቅልፍ ወስዷታል። ሞተሩን አጠፋሁ። በሩን ብከፍተው ስለሚንቋቋ አልከፈትኩትም፤ በመስኮቱ ወጣሁና እስክትነቃ ድረስ ጭቃው ላይ በባዶ እግሬ ቆሜ ጠበቅኳት።